ሰው ጠላ

ለምርቃቴ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጎቴ ክራራቸውን ይዘው እንዲመጡ። ጫማ አልጠየቅኩም፣ ስልክ አልጠየቅኩም፣ ኬኩም ይቅርብኝ ብያለሁ። እናቴ ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ሰምቶ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገ።

እንዲህ ሲሆኑ ትዕግስቴ ያልቃል። ድሮም ብዙ የለኝም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጉንደ ወይን እህል ይነግዳሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ እህል ጭነው ደብረ ማርቆስ ሲመጡ እሁድን እኛ ቤት ነበር የሚያመሹት። ክራሯ በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልላ በብብታቸው ስር ትመጣለች። እሳቸው ግቢ ሲገቡ ጎረቤቱ እንዴት እንደሚያውቅ እንጃ፣ ማንም ሳይጠራው እየተንጠባጠበ ይመጣል። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት መሪጌታ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ፤ የእናቴ ጓደኞች ነጠላቸውን አደግድገው ይመጣሉ፤ የኔ የክፍል ጓደኞች ደግሞ ለማጥናት ነው ብለው ከቤታቸው ይወጡና ደብተር ሳይዙ ይመጣሉ። አጎቴ ይመታሉ፣ አባቴ ግጥም ይሰጣል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ ትከሻ ያለው ትከሻውን ያወጣዋል። መብራት ከጠፋ እንኳ «ዘፈኑን ማን አጠፋው» የሚል የለም፤ በጨለማው ይቀጥላል። ማታ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል፤ በነጋታው ትምህርት አለ፣ ስራ አለ። በቃ ይኸው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምሽት እስከ ዛሬ አላየሁም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ትልልቅ የሙዚቃ ድግሶች ላይ ቆሜያለሁ፣ ድምፅ ማጉያው ደረቴን እስኪያመኝ ድረስ። ሰዓቴን እያየሁ ነው የጨረስኳቸው።

ያን ሁሉ ያቆመው አንድ ስንኝ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አጎቴ ልጃቸውን ዳሩ። ሰርጉ ጉንደ ወይን ነበር፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ። ከደብረ ማርቆስ አንድ ሚኒባስ ሞልተን ሄድን፤ መሪጌታም አብረውን ነበሩ። ዳሱ ውስጥ አንድ አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ እየዞረ እንግዳውን ያወድሳል። ግጥም ያለው ተነስቶ «ተቀበል» ይለዋል፣ ስንኙን ይነግረዋል፣ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል። አባቴ ጠግቦ፣ ጠጥቶ፣ ደስ ብሎት ተነሳ።

«ተቀበል» አለ።

እንደኔ አማች ያለ ሌላ ሰው አላውቅም፤
በሱ ቤት ሰው ጠላ አጥቶ እኮ አያውቅም።

አባቴ ሲናገረው ንጹህ ምስጋና ነው። እዚህ ቤት የመጣ እንግዳ ጠላ ጎድሎበት አያውቅም ማለት ነው፤ እውነትም ነበር፣ ጋኑ በጋን ላይ ነው የተደረደረው። አዝማሪው ሲያዜመው ግን መሃሉ ላይ አረፈ። «በሱ ቤት ሰው ጠላ» አለና መሰንቆውን ጎተተው፣ ጎተተው፣ ከዚያ «አጥቶ እኮ አያውቅም» ብሎ ዘጋው። በዚያች እረፍት ነገሩ ተገለበጠ። ጠላው መጠጥ መሆኑ ቀረ፤ ሰውየው ሰው የሚጠላ፣ ያውም አጥቶ ሳይሆን እያለው የሚጠላ ንፉግ ሆነ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። «ወይ ወርቅ» አለ አንዱ። ሁልጊዜ አባቴን ቅኔ ቤት ጥሎ የወጣ እያሉ የሚተርቡት መሪጌታ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ «አሁን ገና ተቀኘህ» አሉት። አባቴ ልጅ እያለ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ቆይቶ ነው ወደ አስኳላ የዞረው፤ ዛሬ የሂሳብ መምህር ነው። መሪጌታ በሕይወቱ አመስግነውት አያውቁም ነበር።

አባቴም ሳቀ።

አጎቴ አልሳቁም። በእጃቸው የነበረውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ጓዳ ገቡ። ስንወጣም አልሸኙንም። ከዚያ ወዲያ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ የሚያድሩት ሆቴል ነው። ከእናቴ ጋር በስልክ ያወራሉ፤ አባቴ ሲገባ እናቴ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። እሁድ አመሻሽ ላይ ሳሎናችን ውስጥ ሬዲዮ ብቻ ሆነ። መሪጌታ እንኳ መምጣት ተዉ፤ ሬዲዮ እቤቴም አለኝ ብለው።

እኔ ደግሞ ነገር ሳይፈታ ሲቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ቀን ዶርም ልብስ እያጠብኩ ያን ስንኝ ሳንጎራጉር አንድ ነገር ያዝኩ። በየትኛውም ዜማ ብሞክረው መሃሉ ላይ ያርፋል። ስድስት ቀለም፣ እረፍት፣ ስድስት ቀለም። በትዝታም ሞከርኩት፣ በአንቺ ሆዬም ሞከርኩት፣ «በሱ ቤት ሰው ጠላ» ላይ መቆሙ አይቀርም። አዝማሪው ተንኮል አላሰበም፤ ዜማው ራሱ ነው ያረፈው። አባቴ ሲናገረው እረፍት ስላልነበረው ምስጋና ሆነ፣ ሲዘፈን እረፍት ስላገኘ ስድብ ሆነ። አለቀ። ችግሩን ፈታሁት ብዬ እጄ በአረፋ እንደተሞላ አጨበጨብኩ።

ተመርቄ በገባሁ በሳምንቱ፣ መንገድ ክፍት በነበረ ቀን፣ ለማንም ሳልናገር ጉንደ ወይን ሄድኩ። አጎቴ መጋዘናቸው በር ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጤፍ በመዳፋቸው እየዘገኑ ይነፉ ነበር። ሲያዩኝ ተነስተው ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ። አባቴን አንተ እለዋለሁ፣ አጎቴን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እርስዎ ነው የምላቸው። እርስዎ እያሉ መጣላት ያስቸግራል፤ ግን ይቻላል።

«ጋሼ፣ የፊታችን እሁድ የምርቃት ድግሴ ነው። ክራርዎን ይዘው ይምጡ።»

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«አውቄዋለሁ። እሱ ቢሆን ሽማግሌ ነው የሚልክ።»

ጆንያው ላይ በጣቴ እየመታሁ ነገሩን አስረዳኋቸው። ስድስቱን ቀለም ቆጠርኩላቸው፣ እረፍቱን አሳየኋቸው፣ በሁለት ዜማ አዜምኩላቸው። ጫኞቹ ቆመው ይሰሙኛል።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ድምፅሽ አባትሽን ነው የመሰለው፣ እግዜር ይማርሽ። ይሄን እኮ እኔም አውቀዋለሁ፤ ክራር እመታ የለም እንዴ። አዝማሪውን የዚያኑ ዕለት ትቼዋለሁ።»

«ታዲያ ያኮረፉት በምንድን ነው?»

«አባትሽ ሳቀ።»

«ሁሉም ስቋል እኮ ጋሼ።»

«ሌላው ይሳቅ። እሱ ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ነው። ወርቁን አውቆ ከጨመረው፣ በቤቴ፣ በልጄ ሰርግ፣ ጠላዬን እየጠጣ ሰደበኝ ማለት ነው። ሳያውቅ ከሆነ ደግሞ ‹አላየሁትም› ይበለኝ። አንዲት ቃል ናት። እስከ ዛሬ አላላትም።» ጤፉን ወደ ጆንያው መለሱት። «እኔ ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ‹ሰው ጠላ› እያለ ሲጠራኝ የከረምኩ ሰው ነኝ። ልጆቹ ሳይቀሩ። ቅጽል ስም ወጣልኝ በዚህ እድሜዬ።»

ይሄን አላውቅም ነበር። እጄን ከጆንያው ላይ አነሳሁ።

«እሁድ ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ አልልሽም። አልመጣም ግን አላልኩሽም።»

ወንዶች ለምን እንዲህ እንደሚመልሱ አንድ ቀን አጠናለሁ።

እቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ለድግሱ የተዋስናቸውን አግዳሚዎች ሚስማር ይመታል። ቦርሳዬን ሳላወርድ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ያን ቀን ወርቁን አይተኸው ነበር?»

መዶሻው አየር ላይ ቆመ። «የትኛውን ወርቅ?»

«ታውቀዋለህ። ከጋሼ ዘንድ ነው የመጣሁት።»

«ግጥም ነው እንግዲህ። የሰማው ሰው እንደሰማው ነው።»

«አየኸው ወይስ አላየኸውም?»

«ደብረ ወርቅ እኮ አራት ክረምት ነው የተቀመጥኩት።»

«እና አይተኸው ነበር።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«እሺ፣ አላየኸውም።»

«እንደዚያም አላልኩም።»

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «አትድከሚ» አለች። «እኔንም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የሚለኝ።»

አባቴ ሚስማሩን መታው፣ ጣመመ፣ ነቀለው። ያኔ ነው የገባኝ። አባቴ አላየውም ነበር። ቢያየው ኖሮ ያን ስንኝ በአማቹ ቤት አይሰጥም ነበር፤ አጎቴን ይወዳቸዋል፣ ከራሱ ወንድሞች አብልጦ ነው የሚወዳቸው። ግን አላየሁትም ካለ፣ መሪጌታ ዳስ ሙሉ ሰው ፊት የሰጡት ምስጋና ይወሰድበታል። የራሱን ግጥም ወርቅ ከአዝማሪ የሰማ ሰው ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ተሳዳቢ ይባል። ዘመድ ይቅር፣ እሁድ ይቅር፣ ቅኔው አይቅር።

«በጣም ነው የሚገርመኝ» አልኩት። «አንዲት ቃል።»

«ቀላል ይመስልሻል» አለ፣ ቀና ሳይል።

እዚያው በረንዳ ላይ ቆሜ ቃሏን ከአፉ አወጣታለሁ ብዬ ወሰንኩ። በሽማግሌም አይደለም፣ በልመናም አይደለም።

አዝማሪውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሰርጉን አዝማሪ አልፈለግኩም። ከተማችን ውስጥ አንድ ጠጅ ቤት የሚጫወት፣ ስለኛ ቤት ምንም የማያውቅ ሰው አገኘሁ። «ምን የተለየ ነገር አለ?» ሲለኝ፣ «ምንም። የተሰጠህን ተቀበል፣ ሌላ አልፈልግም» አልኩት። የስንኙን ነገር አልነገርኩትም። ዜማው ካረፈ እሱም ማረፉ አይቀርም።

እሁድ ሰው ከአስር ሰዓት ጀምሮ መግባት ያዘ። ገዋኔን እንድለብስ አስገደዱኝ፤ ሞቀኝ፣ ቆቡ አልቆም አለኝ። መሪጌታ ከነጋቢያቸው ጥግ ያዙ። እናቴ ጠላ እየቀዳች በየጊዜው ወደ አጥሩ በር ታያለች። አባቴ ወደ በሩ አያይም፤ እንዳያይ ሲጠነቀቅ ግን አንገቱ ደርቋል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ አጎቴ ገቡ። ባዶ እጃቸውን። ክራሯ የለችም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። እናቴ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አባቴ ተነሳ።

«እንደምን አመሸህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«ይመስገን።»

ተጨባበጡ፤ ከዚያ አጎቴ በሩ አጠገብ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ሊሄድ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጡ። እናቴ ጠላ ሰጠቻቸው። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት እንጂ አልቀመሱትም።

አዝማሪው ጀመረ። ገዋኔን አወደሰ፣ እናቴን አወደሰ። ጓደኞቼ እስክስታ ወረዱ፤ እኔም ወረድኩ፣ ቆቤ ወደቀ፣ ተሳቀ። ሰዎች ግጥም ሰጡ። መሪጌታ አንድ ሁለት ሰጡና ወደ አባቴ ዞሩ።

«መምህር፣ አንተስ ዛሬ ምነው ዝም አልክ? ልጅህን እኮ ነው የምንመርቀው።»

«ዛሬ ልስማ መሪጌታ።»

አጎቴ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ የምጠብቀው ነገር እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ከወለሉ መሃል ሳልወጣ አዝማሪው ፊት ቆምኩ።

«ተቀበል» አልኩት።

«ልጅቱ ልትሰጥ ነው» አለች አንዷ የእናቴ ጓደኛ። «ተይ አንቺ፣ ቁጭ በይ።»

«ተቀብያለሁ እመቤቴ» አለ አዝማሪው።

እንደኔ አባት ያለ ሌላ ሰው አላውቅም፤
በሱ ቤት ሰው ጠላ አጥቶ እኮ አያውቅም።

አንድ ቃል ነው የቀየርኩት፤ አማቹን በአባት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። አዝማሪው መሰንቆውን አነሳ። የመጀመሪያውን ስንኝ አወረደው። ሁለተኛውን ጀመረ፣ «በሱ ቤት ሰው ጠላ»፣ እና አረፈ። እንዳልኩት። ጅማቱ ላይ ቀስቱን ሳበው፣ ሳበው። «አጥቶ እኮ አያውቅም።»

መጀመሪያ የሳቁት ጓደኞቼ ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። የሰርጉን ነገር የሚያውቁት ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ሳቁ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተሳቀበት ሰው ሆነ። ፊቱ ቀስ እያለ ቀላ። በራሱ ቤት፣ በልጁ ምርቃት፣ ጠላውን እየጠጡ።

እኔ ወደ አጎቴ ነው ያየሁት። ቢስቁ ተካካሱ፣ በቃ፣ አለቀ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አጎቴ አልሳቁም። ጥርሳቸው እንኳ አልታየም። አባቴን ትክ ብለው እያዩት ነበር፣ የታመመ ሰው እንደሚያዩ። አባቴ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ቀና ሲል የማይስቅ አንድ ሰው አገኘ፤ ያ ሰው እሳቸው ነበሩ። ይሄን እኔ አላሰብኩትም ነበር። እቅዴ ውስጥ አልነበረም።

«ወርቋን አያችሁልኝ?» አሉ መሪጌታ። «የአባቷ ልጅ። አንቺ ልጅ፣ ተቀኘሽ እኮ።»

«ወርቅ አለው እንዴ መሪጌታ?» አልኳቸው። «እኔ አላየሁትም።»

«እንዴት አላየሽውም?»

«አላየሁትማ። ጠላው ጥሩ ነው ለማለት ነው።»

ውሸቴን ነው፤ ውሸት መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ቃሏን ጮክ ብዬ የተናገርኩት ወደ አባቴ ዞሬ ነው። አየህ፣ አልሞትኩም ለማለት።

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። አዝማሪው ነገር እንደተበላሸ ገምቶ የመሰንቆውን ጅማት ያጠብቅ ጀመር።

«እኔም» አለ አባቴ።

«ምን አልክ?» አሉ መሪጌታ። አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ያ ጆሮ ደግሞ በአባቴ በኩል ነበር።

«እኔም አልኩ መሪጌታ።» ድምፁን ከፍ አደረገ። «ያን ቀን እኔም አላየሁትም ነበር። ጠላው ጥሩ ነው ለማለት ነው የሰጠሁት። አዝማሪው ሲያርፍ ነው ከናንተ እኩል የሰማሁት። ሰው ሳቀ፣ እርስዎም አመሰገኑኝ፣ ሳቅሁ።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «አላየሁትም፣ ወንድሜ። ብትፈልግ በታቦት ፊት እልሃለሁ።»

አጎቴ ጠላቸውን አነሱና አንዴ ተጎነጩለት።

«ደብረ ወርቅ ስንት ክረምት ነው የተቀመጥከው?»

«አራት።»

«አራት ክረምት ተቀምጠህ ሰው ጠላን አላየሃትም?»

«አላየኋትም።»

«ይሄማ እኔን ከመስደብ ይብሳል» አሉ አጎቴ፣ እና ሳቃቸው መጣ። እንደ ድሮው ከሆዳቸው፣ ትከሻቸውን እያነቃነቀ። ጠላው ኮታቸው ላይ ፈሰሰ። «እኔ ገበያ ላይ ስሰደብ የከረምኩት ቅኔ አዋቂ ሰደበኝ ብዬ እየተጽናናሁ ነበር እኮ።»

«እኔ ያኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ መሪጌታ። «ይሄ ሰው ይቺን ከየት አመጣት ብዬ። ምስጋናዬን መልስ።»

«ይውሰዱት» አለ አባቴ። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። እናቴ ጠላ ልትቀዳ ጎንበስ ብላ ቶሎ ቀና አላለችም።

አጎቴ ኮታቸውን አወለቁ። «አንቺ ባለ ቆብ» አሉኝ። «ጓዳው በር ኋላ ፎጣ አለ። አምጪው።»

ለካ ሲገቡ በጓሮ ዞረው እዚያ አስቀምጠዋት ነው። ክራሯን ይዤ ስመጣ ሮጥኩ፣ ገዋኑ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፣ ልወድቅ ነበር። ጅማቶቿ ረግበዋል። አጎቴና አዝማሪው ግንባር ለግንባር ገጥመው ከመሰንቆው ጋር እስኪስማሙ ድረስ ሁሉም ሰው ጠበቃቸው። እኔ እንኳ ጠበቅኩ።

ከዚያ ወዲህ በወር አንድ እሁድ የኛ ነው። መንገድ ካልተዘጋ አጎቴ ይመጣሉ፤ ከተዘጋ የእናቴ ጓደኞች ከበሮ ይመታሉ፣ እሁዱ አይቀርም። ይሄን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያልተስማማ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ስራ እስካሁን አላገኘሁም። ሳገኝም ለቀጣሪዎቼ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፣ የዚያን እሁድ አመሻሽ ስራ አልገባም።

ጉንደ ወይን ገበያ ላይ አጎቴን አሁንም «ሰው ጠላ» ነው የሚሏቸው። አሁን ራሳቸውም «አቤት» ይላሉ።

የምርቃቴ ማታ ክራሯ ከተቃኘች በኋላ ሁሉም ወደ አባቴ ዞሮ ግጥም ስጥ አለው። እምቢ አለ። ለመኑት። በመጨረሻ ተነሳ፤ ወደ አዝማሪው ግን አልሄደም። በሩ አጠገብ ሄዶ ጎንበስ አለና ስንኙን መጀመሪያ በአጎቴ ጆሮ ሹክ አላቸው። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት፣ ጉልበታቸው ላይ በጣታቸው እስከ ስድስት ቆጠሩ፣ አረፉ፣ ደግመው እስከ ስድስት ቆጠሩ።

«ምንም የለበትም» አሉት። «ስጥ።»